ኳሷ መሬት ወድቃ እንዴት አውት ይባላል?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ ንዴቴ ሳይበርድ፣ እኛ ወላጆች በምንሰባሰብበት የአማርኛ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጣልኩ። እስከ ማክሰኞ ድረስ 37 መልስ መጣ። አንዳንዱ አስተምሮኛል። አንዳንዱ አናዶኛል። ጥቂቱ ደግሞ ከነገሩ ጋር ምንም አያገናኘውም። ክሩን ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው፣ እንደገባኝ አድርጌ ልተርከው።

መጀመሪያ ጥያቄው። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ሶፍትቦል (በዱላ የሚመታ፣ የቤዝቦል እህት የሆነ የኳስ ጨዋታ) መጫወት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የመጨረሻው፣ ማለትም 6ኛው ኢኒንግ (የመምታት ዙር) ላይ ነን። በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው። አንድ አውት አለብን፤ ማለትም አንድ ተጫዋቻችን ከጨዋታ ወጥታለች፣ ሦስት ከሞላ ተራችን ያልቃል። ሯጮች በየተራ የሚረግጧቸው ማረፊያዎች ቤዝ ይባላሉ፤ ልጄ ሁለተኛ ቤዝ ላይ፣ ጓደኛዋ አንደኛ ቤዝ ላይ ናቸው። መቺዋ ኳሷን ወደ ሰማይ ላከቻት። ኳሷ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሃል የሚቆም ተከላካይ) የምትጫወተው ልጅ አናት ላይ ቀጥ ብላ ወጣች። ገና አየር ላይ እያለች ዳኛዋ አንድ እጇን ሽቅብ ቀስራ የሆነ ነገር ጮኸች። ልጅቷ ጓንቷን ዘረጋች። ኳሷ የጓንቱን ጫፍ ነክታ መሬት ላይ ዱብ አለች። እኛ ወላጆች ከመቀመጫችን ተነስተን ሩጪ፣ ሩጪ እያልን ጮኽን። ልጄ ሮጠች። ሾርትስቶፗ ኳሷን አፈፍ አድርጋ ወደ ሦስተኛ ቤዝ ወረወረቻት። አውት። ዳኛዋ ዞር ብላ መቺዋም አውት ናት አለች። በአንድ ኳስ ሁለት አውት። ጨዋታው አለቀ፣ ተሸነፍን። እኔም ማታ ገብቼ፣ ያልተያዘች ኳስ እንዴት አውት ታደርጋለች ብዬ ጠየቅኩ። አልዋሽም፣ መጨረሻው ላይ ይሄ ዳኝነት ሳይሆን ዘረፋ ነው የሚል መስመር ጨምሬበታለሁ።

1ኛው መልስ ቡናው ሳይፈላ ደረሰ። አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ ሁለት ወንዶች ልጆች በቤዝቦል ያሳደገ ሰው ነው። ወንድሜ ብሎ በትህትና ጀመረ። ዳኛዋ የጮኸችው ኢንፊልድ ፍላይ የሚባለውን ሕግ ነው አለ። አውቱ ከሁለት በታች ከሆነ፣ አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጮች ካሉ ወይም ሦስቱም ቤዞች ከተያዙ፣ ወደ ላይ የተመታችና የውስጥ ተጫዋች (ቤዞቹ አካባቢ የምትቆም ተከላካይ) ሳትቸገር ልትይዛት የምትችል ኳስ ስትመጣ ዳኛው ኳሷ ሳትወርድ ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ መቺዋ አውት ናት። ብትያዝም ብትወድቅም ለመቺዋ ለውጥ የለውም። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ግን ኳሷ የግድ ከውስጠኛው አፈር በላይ መሆን አለባት የሚል ነገር ጨመረበት።

2ኛው እሱን ሊያርመው መጣ፤ ሳያስቀይም ነው ያረመው። ሕጉ ስለ ቦታ አያወራም፣ ስለ ተጫዋቿ እንጂ። የውስጥ ተጫዋች ወደ ኋላ ሄዳ ሣሩ ላይ ቆማ በቀላሉ የምትይዛት ከሆነ ያው ነው። ጠፍጠፍ ብላ በቀጥታ የተተኮሰች ኳስና በባንት (ዱላውን ሳይወዘውዙ ኳሷን በቀስታ በመንካት) የተነሳች ኳስ ግን አይገቡበትም። ኳሷም በሜዳው ሁለት የጎን መስመሮች መሃል መሆን አለባት። መስመሩ አጠገብ ስትሆን ዳኛው ፌር (በመስመሮቹ ውስጥ) ከሆነች ብሎ ጨምሮ ይጠራታል።

3ኛዋ አንዲት እናት ናት። እኔ ልጠይቀው ያፈርኩትን ጠየቀች፤ ይሄን የመሰለ ጠማማ ሕግ ለምን አስፈለገ?

4ኛውን መልስ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሲያትል የሚኖር፣ የልጆች አሰልጣኝ የሆነ ሰው ነው የጻፈው። ሕጉ የለም እንበል አለ። ልጅህ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ቆማ ኳሷ ላይ አንጋጣለች። ቤዙን ለቃ ብትሮጥና ኳሷ ብትያዝ፣ ሳትመለስ ኳሷ ቀድማት ቤዙ ላይ ትደርሳለች፤ አውት። ፈርታ ብትቆም፣ ሾርትስቶፗ ኳሷን አውቃ ትጥላትና ሦስተኛ ቤዝ ላይ አንድ፣ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሌላ አውት ታወጣለች። ብትሄድም አለቀላት፣ ብትቆምም አለቀላት። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የነበሩ ተጫዋቾች ይሄን ተንኮል ጥርሳቸውን ነክሰው ሠርተውበታል። ሕጉ የመጣው ያኔ ነው። ዳኛው መቺዋን አውት ብሎ ያስወጣና ሯጮቹን ይገላግላቸዋል። የአገራችንን ምሳሌም አመጣ፤ ልክ ጠብ መሃል ገብቶ በሕግ አምላክ እንደሚል ሰው ነው አለ። ያ ቃል ከተጠራ በኋላ ሁሉም ባለበት ቢቆም ማንም ምንም አይሆንም።

እንግዲህ ዘረፋ ያልኩት ሕግ ልጄን ለማዳን የወጣ ሆኖ ተገኘ። ይሄን ሳነብ ጥያቄዬን ላጠፋው ነበር። ግን 5ኛው መልስ ቀደመኝ።

5ኛው ዱባይ ያለ ወጣት ነው። ከላይ ያሉትን አራቱንም አንብቦ አንዱም ቃል እንዳልገባው ገለጸ። ይሄ ነገር ህንዶቹ ዓርብ ዓርብ ባዶ ሜዳ ላይ የሚጫወቱት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 6ኛው ያ ክሪኬት ነው፣ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ ሸኘው።

7ኛው ላይ አየሩ ተለወጠ። አንዱ መጥቶ ችግሩ ሕጉ ሳይሆን ዳኛዋ ናት አለ። ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ፈጣን ጨዋታ መዳኘት አትችልም የሚል ነገር ጻፈ። እኔ ጥያቄዬ ውስጥ ዳኛዋ ብዬ የጻፍኩት እንዲሁ ነበር። ልጅ እግር ናት፣ የኮሌጅ ተማሪ ትመስላለች። ለካ ለእሳቱ ጭድ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

8ኛዋ አልማረችውም። ሚኒያፖሊስ የምትኖር የሦስት ሴቶች ልጆች እናት ናት። ሰውየው በሕይወቱ ስንት የሶፍትቦል ጨዋታ እንዳየ ጠየቀችው። ከዚያ ዳኛዋ ጥሪዋን በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ምልክት እንዳደረገች ከራሴ ጽሑፍ ጠቅሳ አሳየችው። እሷን መሳደብ የፈለገ መጀመሪያ ሕጉን ያንብብ ብላ ዘጋችው። 9ኛዋ ደግሞ ወሬውን በማስረጃ ደገፈችው። ጄን ፓዎል የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2025 አትላንታ ላይ በትልቁ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ መደበኛ ጨዋታ የዳኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። በማግስቱ ከሆም ፕሌት (መቺው ከሚቆምበት ቦታ) ኋላ ቆማ ቦልና ስትራይክ (የተወረወረችው ኳስ የሳተች ወይም ልክ የመጣች መሆኗን) ጠርታለች። ወደዚያ ከመውጣቷ በፊት ለዓመታት የኮሌጅ ሶፍትቦል ዳኛ ነበረች። 10ኛው መልስ የ7ኛው ሰውዬ ነው። ለመቀለድ እንደሆነ ጻፈ። ማንም አልሳቀም።

አትላንታ የሚለውን ቃል ያየ አንድ የአትላንታ ሰው 11ኛውን መልስ ጻፈ። ረጅም ነው። ቁስሉ አልዳነለትም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 2012 የአትላንታው ብሬቭስ ከሴንት ሉዊሱ ካርዲናልስ ጋር ሲጫወቱ እሱ ሜዳው ውስጥ ነበር። 8ኛው ኢኒንግ፣ አንድ አውት፣ አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጮች አሉ፤ ልክ እንደኔዋ ልጅ ጨዋታ። አንድሬልተን ሲመንስ የመታት ኳስ በግራ በኩል ውጪኛው ሣር ውስጥ ጠልቃ ገባች። ሾርትስቶፑ ፒት ኮዝማ ወደ ኋላ እየሮጠ ስሯ ደረሰ፤ ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ጥሏት ገለል አለ። ኳሷ ወደቀች። ሕዝቡ ፈነደቀ። ዳኛው ሳም ሆልብሩክ ግን እጁን አንስቶ ነበር። ኢንፊልድ ፍላይ። ሦስት ቤዝ ሙሉ ሆኖ በአንድ አውት መቀጠል የነበረበት ጨዋታ በሁለት አውት ቀጠለ። ጠርሙስ እንደ ዝናብ ወረደ። ጨዋታው 19 ደቂቃ ቆመ። ብሬቭስ 6 ለ 3 ተሸንፈው ከውድድሩ ወጡ። የብሬቭሱ ኮከብ ቺፐር ጆንስም የመጨረሻ ጨዋታውን እንዲህ ተጫወተ። ሰውየው ራሱ የሶዳ ጠርሙስ ወርውሮ ይሆን ብዬ ጠርጥሬያለሁ፤ የወረወሩትን ሰዎች ሲያነሳ ድምፁ ለስለስ ይላል።

12ኛው መልስ አጭርና ደረቅ ነው፤ ለእኔ ግን የክሩ ማገር እሱ ነው። ብሬቭስ ያኔ አቤት ብለው ነበር፣ አቤቱታቸው ወዲያው ወድቋል አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዳኛ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንዱ የዓይን ነው። ኳሷ ስትራይክ ናት ወይስ ቦል፣ ሯጩ ደርሷል ወይስ አልደረሰም፣ ኳሷ ሳይቸገሩ የምትያዝ ናት ወይስ አይደለችም። በዚህ ላይ፣ ትልቁ ሊግ በቪዲዮ ከሚያየው በቀር፣ የሜዳው ዳኛ ያየው የመጨረሻ ነው፤ ከልጆች ሊግ እስከ ትልቁ ሊግ በሕጉ ውስጥ ተጽፏል። ሌላው የሕግ ስህተት ነው። አራት ቦል ሳይሞላ መቺውን አንደኛ ቤዝ ቢሰጠው፣ ወይም በሦስት ስትራይክ ፋንታ በሁለት ቢያስወጣው፣ ያ የማየት ጉዳይ አይደለም፤ ሕጉን ስቷል። ለዚህ በልጆች ሊግ አሰልጣኙ በጨዋ ደንብ ሰዓት ጠይቆ፣ ቀጣዩ ኳስ ሳይወረወር ማመልከት ይችላል። እኛ አበሾች በመጀመሪያው ጮኸን እንደክማለን፣ ሁለተኛውን ሲሠራብን ዝም እንላለን ብሎ ጨረሰ። ይቺን ለማን እንደጻፋት ገብቶኛል።

13ኛውና 14ኛው የዋሽንግተኑ ቡድን የናሽናልስ ደጋፊዎች ናቸው። ዲሲ አካባቢ ብዙ ነን። ሆልብሩክ የሚለውን ስም ሲሰሙ ነው የመጡት። ያ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ2019 በዎርልድ ሲሪስ (የሊጉ የዋንጫ ፍልሚያ) 6ኛ ጨዋታ ሂውስተን ላይ ከሆም ፕሌት ኋላ የቆመው ነው። የናሽናልሱ ትሬይ ተርነር መትቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ሲሮጥ የተወረወረችው ኳስ ነካችው። ሆልብሩክ ከተመደበለት መንገድ ውጪ ሮጦ እንቅፋት ሆኗል ብሎ አወጣው። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ደሙ ፈልቶ ከሜዳ ተባረረ። 13ኛው ይሄን ሲያወራ አሁንም ይንቀጠቀጣል። 14ኛው አረጋጋው፤ አንተኒ ሬንደን ወዲያው ሆም ረን (ከሜዳ የወጣች ምት) መትቶ የለ፣ 7 ለ 2 አሸንፈን በማግስቱም ዋንጫውን ወስደን የለ፣ ምን ያነጫንጭሃል አለው። ለነገሩ ሕጉ ራሱ ቆይቶ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የሯጩ መንገድ ሰፍቶ፣ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ያለውን አፈር እስከ ሣሩ ድረስ ጨምሯል።

15ኛዋ ሶፍትቦል ይሄን ጣጣ ድሮ ገላግሎታል አለች። በብዙ የሶፍትቦል ሜዳ አንደኛ ቤዝ ድርብ ነው። ነጩ ለተከላካይዋ፣ ከመስመሩ ውጪ ያለው ብርቱካናማው ለሯጯ። እግር ለእግር አይረጋገጡም፣ ቁርጭምጭሚት አይታጠፍም። የልጄን ሜዳ ለሁለት ዓመት ሳይ ያ ብርቱካናማ ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቀለም የተረፋቸው መስሎኝ ነበር።

16ኛው መልስ የአንድ አባት ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አሜሪካ የገቡት በ1970ዎቹ ነው። ያን ጊዜ ዋሽንግተን የቤዝቦል ቡድን አልነበራትም። የድሮው እ.ኤ.አ. በ1971 ለቆ ሄዷል፣ ናሽናልስ የመጣው በ2005 ነው። ስለዚህ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ባልቲሞር እየሄዱ ኦሪዮልስን ያዩ ነበር። ቤዝቦሉ አልገባቸውም። የሚሄዱት አሰልጣኙን ኧርል ዊቨርን ሊያዩ ነው። አጭር ሰውዬ ነው። ከዳኛ ጋር ሲጣላ የቆቡ ምላስ እንዳይከለክለው ቆቡን ወደ ኋላ ያዞርና አፍንጫው ስር ይገባል። አፈር በእግሩ ይበትናል። በሥራ ዘመኑ ከ90 ጊዜ በላይ ከሜዳ ተባሯል። ጋሼ በልጅነታቸው አባታቸውን ተከትለው ችሎት ያዩት በላ ልበልሃ ትዝ ብሏቸው ነበር። ተሟጋቹ ዘንጉን ይዞ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ፣ ተጠየቅ ሲል። ልዩነቱ፣ አሉ፣ ዊቨር አንድም ቀን ሲረታ አላየሁም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ አገር ቤት ሄደ። 17ኛው ስለ ገና ጨዋታ አነሳ። ዱላውም ኳሱም አለን፣ ዳኛ ግን አያስፈልገንም ነበር፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለው ለዚሁ ነው አለ። 18ኛው ገና ከቤዝቦል ይልቅ ሆኪን ይመስላል ብሎ አረመው። 19ኛዋ ወንድሟ በገና ጨዋታ ጥርሱን አጥቶ እንደነበር፣ ጌታውም በደንብ ተቆጥቶ እንደነበር አስታወሰች። 20ኛው በየትኛው ወረዳ ሲል ጠየቀ። እዚያ ላይ አሥራ አንድ የአገር ልጆች የተገናኙ መስሎኝ ነበር፤ ደግነቱ ሁለት ብቻ ሆኑ።

ወደ ሜዳው የመለሰን 21ኛው ነው። እግር ኳስ ቫር አስገብቶ ተገላግሏል፣ እዚህም ቪዲዮ ይግባ ነው ነገሩ። ለዚህም አርማንዶ ጋላራጋን አነሳ። ይሄ የዲትሮይት ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) 26 መቺዎችን በተከታታይ አንድም ቤዝ ሳያስረግጥ አውጥቷል። 27ኛውም አውት ነበር፤ አንደኛ ቤዝ ላይ በአንድ እርምጃ ተቀድሟል። ዳኛው ጂም ጆይስ ሴፍ (በሰላም ደርሷል) አለ። እንከን የለሽ ጨዋታው በአንድ ቃል ጠፋ። ዓመቱን 2011 ብሎ ጻፈ። 22ኛው 2010 ነው፣ ሰኔ 2 ቀን ብሎ አስተካከለ፤ ተከታዩንም የነገረን እሱ ነው። ጆይስ ከጨዋታው በኋላ ቪዲዮውን አይቶ መሳሳቱን ራሱ አመነ፣ ልጁንም ይቅርታ ጠየቀ። በማግስቱ የቡድኑን የተጫዋቾች ዝርዝር ሆም ፕሌት ድረስ ወስዶ የሰጠው ጋላራጋ ነው። ጆይስ ዕንባውን እየጠረገ ተቀበለው። ትልቁ ሊግ የቪዲዮ ምርመራውን ያሰፋው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ያው 22ኛው አንድ ነገር አከለ። በ2013 ዎርልድ ሲሪስ 3ኛ ጨዋታ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ተከላካይ የካርዲናልሱን አለን ክሬግን ሲያደናቅፈው፣ ያን ሁሉ ጩኸት ችሎ ኦብስትራክሽን (የሯጭን መንገድ መዝጋት) ብሎ የጠራው ሦስተኛ ቤዝ ላይ የቆመው ጂም ጆይስ ነው። ጨዋታው እዚያው በዚያ ጥሪ አለቀ፣ 5 ለ 4። ጥሪው ልክ ነበር። ተከላካዩ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ኳስ ሳይኖረው የሯጭን መንገድ ከዘጋ ሕጉ ሐሳቡን አይጠይቅም።

23ኛው ስለ ሮቦት ዳኛ መጣ። ከ2026 ጀምሮ በትልቁ ሊግ መቺው፣ ፒቸሩ ወይም ካቸሩ (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀበለው) ቆቡን ነካ አድርጎ የስትራይክ ጥሪ በካሜራ እንዲታይ መጠየቅ ይችላል። አንድ ቡድን ሁለት ዕድል አለው፤ ልክ ከሆነ ዕድሉ አይቀነስበትም። የልጆች ሜዳ ላይ ግን ካሜራ የለም። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ናት ያለችው።

24ኛው መልስ ያልጠበቅኩት ነው። ከመካከላችን አንዱ ለካ ዳኛ ኖሯል። ቨርጂኒያ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የልጆች ጨዋታ ይዳኛል። እስካሁን ዝም ብሎ ሲያነብ ነበር። ሥራውን ከውስጥ አሳየን። ግራ እጁ ላይ ከመዳፍ የማትበልጥ ቆጣሪ ይይዛል፤ በአውራ ጣቱ ቦሉን፣ ስትራይኩን፣ አውቱን ሳያይ ያዞራል። ከእያንዳንዱ ኳስ በፊት የሯጮቹን ቦታ ያይና ኢንፊልድ ፍላይ ሊመጣ የሚችል ከሆነ ከጓደኛው ጋር በእጅ ምልክት ይነጋገራሉ። ኳሷ ስትመታ ወደ ኳሷ ብቻ አያይም። ጫፍ ደርሳ መውረድ እስክትጀምር ይታገሳል፤ ያኔ ተጫዋቿ ስሯ ተደላድላ ከቆመች ይጠራል። አንደኛ ቤዝ ላይ ሲሆን ደግሞ ዓይኑን ቤዙ ላይ ይተክላል፣ ኳሷን በጆሮው ይሰማታል። የጫማው ድምፅና የጓንቱ ጧ የሚል ድምፅ፣ የቱ ቀደመ? ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም። የወላጅ ጩኸት የሚያስቸግረው ስድቡ ስለሚያም አይደለም አለ፤ ያቺን ጧ ስለሚሸፍንበት ነው።

25ኛው እኩል ከደረሱስ፣ ለሯጩ አይደል ወይ አለ። ዳኛው 26ኛ ላይ መለሰለት። ሕጉ እኩል የሚል ቃል የለውም። መቺው አንደኛ ቤዝን ከመርገጡ በፊት ኳሷ ከደረሰች አውት ነው፣ አለበለዚያ አይደለም። የሜዳ ዳኞች እኩል የሚባል ነገር አናይም ይላሉ። የመቺ እጅ የዱላው አካል ነው የሚለውም ተረት ነው፤ እጅ እጅ ነው። እዚህ ጋ ሦስት ሰዎች ላለፉት ዓመታት በስህተት እንደተከራከሩ አመኑ፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ግን አንዳቸውም አልተናገሩም።

27ኛዋ ናት ሁሉንም ያገላበጠችው። ዳላስ የምትኖር፣ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ እናት ናት። እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀችኝ። ሦስተኛ ቤዝ ላይ የነበረችው ተከላካይ ልጅህን በኳሷ ነካቻት ወይስ ቤዙን ብቻ ረገጠች? ምክንያቷን ዘረዘረች። ሯጭ ተገድዳ የምትሮጠው ከኋላዋ የሚመጣ ሰው ስላለ ነው። መቺዋ በጥሪው አውት ከሆነች ግን የሚገፋ የለም። ስለዚህ ቤዙን መርገጥ አይበቃም፤ ሯጯን በኳሷ መንካት ያስፈልጋል። ዳኛዋ ቤዙ ስለተረገጠ ብቻ አውት ብላ ከሆነ፣ ያ የዓይን ስህተት አይደለም። ሕግ ስታለች። አሰልጣኛችሁ እዚያው አቤት ቢል ኖሮ ነገሩ ሊቀለበስ ይችል ነበር።

ሌሊቱ 6 ሰዓት ነበር። ከአልጋዬ ተነሳሁ።

28ኛው መልስ የእኔ ነው፤ ቪዲዮ አለኝ አልኩ። የአንዷ ጓደኛዋ አባት በስልኩ ቀርጾታል። 29ኛው ላይ ለጠፍኩት። ከ30 እስከ 33 ያለው ያንን የ9 ሰከንድ ቪዲዮ የማጥናት ሥራ ነው። ልጄ ትንሸራተታለች፣ አቧራ ይነሳል፣ ተከላካይዋ ጎንበስ ትላለች፣ ልክ እዚያ ላይ የራሳችን አሰልጣኝ ጀርባ ካሜራው ፊት ይገባል። 30ኛው ነክታታለች አለ። 31ኛዋ አልነካቻትም፣ እግሯን ብቻ ነው ያሳረፈችው አለች። 30ኛው መነጽር እንድታደርግ መከራት። 31ኛዋ እሱ መጀመሪያ ጨዋነት እንዲያደርግ መከረችው። 32ኛው ቪዲዮውን አዝግሞ አጫውቶ የአሰልጣኙን ጀርባ በደንብ አይቷል። 33ኛው የቨርጂኒያው ዳኛ ነው። ነክታታለች አልነካቻትም የሚለው እንደገና የዓይን ጉዳይ ነው፣ ዳኛዋ ካየች ያየችው ያልቃል አለ። መጠየቅ የሚቻለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አውት ያልሽው ስለነካቻት ነው ወይስ ስለረገጠች? በጨዋ ደንብ ሰዓት አስቁሞ ይሄን የጠየቀ አለ ወይ?

የለም። እኔ አጥሩን ይዤ እየጮህኩ ነበር። አሰልጣኛችን ቦርሳ እየሰበሰበ ነበር።

34ኛው ከሚኒያፖሊሷ እናት ነው። ልጅቷስ ምን አለች?

እሑድ ጠዋት ልጄ ፍርፍሯን እየበላች ጠየቅኳት። ቀና ሳትል ካልሲዋን ዝቅ አድርጋ ጉልበቷ ስር ያለውን ቀይ ምልክት አሳየችኝ። ነክታታለች። በደንብ ነው የነካቻት። ዳኛዋም እኮ ነገረችን፣ እየወጣን ሳለ መንካቷን አየሁ ብላናለች አለችኝ። እሺ፣ ኢንፊልድ ፍላይ ስትል አልሰማሽም ነበር ወይ አልኳት። ሰምታ ነበር። አሰልጣኛቸው በልምምድ ላይ ይሄ ከተጠራ ቤዝሽን አትልቀቂ ብሎ አስተምሯቸዋል። አንድ እግሯም ቤዙ ላይ ነበር። እንግዲያው ለምን ሮጥሽ?

እናንተ ናችኋ ሩጪ ያላችሁኝ፣ አንተ ደግሞ ከሁሉም በላይ ትጮህ ነበር አለችኝ። ከዚያ ሻይ አፈሰሰች።

35ኛው መልስ ይሄንን የጻፍኩበት ነው። ዘረፋ የሚለውን መስመር ከላይ አጥፍቻለሁ፤ የቀረውን እንዳለ ትቼዋለሁ። 36ኛው የዱባዩ ወጣት ነው፤ አሁን ገባኝ አለ፣ ምኑ እንደገባው ግን አልነገረንም። 37ኛው ለግራኝ ልጅ የሚሆን ያገለገለ ጓንት የሚሸጥ ይፈልጋል። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል።